መርፌ የነካው ነጭ ጨርቅ

በአሶሳ የጨርቅ ተራ፣ በሐመድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ አንድ ዓመት የሰፋው ወንድምአገኝ የስፌት መኪናውን ፔዳል በሥራ ሰዓት የሚያቆመው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለምሳና ለከፈን።

የምሳው ነገር ማብራሪያ አያሻውም። የከፈኑ ግን የዚያ በረንዳ ሥርዓት ነው። ሙስሊሙ ከፈን፣ ክርስቲያኑ መግነዝ የሚለውን የሟች ነጭ ጨርቅ ፈልጎ የሚመጣን ሰው ሐመድ ገና ከአመጣጡ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ አይፈትሽም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነጭ» ይላል እንጂ። ሐመድም ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ የየትኛው እምነት ሰው እንደሆነ አይጠይቅም። ሜትሩን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይተወውና ጨርቁን በክንዱ ይለካል። ለክቶ ሲጨርስ አንድ ክንድ ይጨምራል። ከዚያም መቀስ ሳያስነካ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ ይሰነጥቀዋል። ከሚያውቀው ሰው ዋጋ አይቀበልም። የሟች ጨርቅ አይሰፋምና መርፌ አያገኘውም፤ ስለዚህ ለዚያች ደቂቃ ልብስ ሰፊው ሥራ የለውም። ወንድምአገኝ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ ያ ረጅም የመቀደድ ድምፅ እስኪያበቃ ይጠብቃል። እንዲህ እንዲያደርግ ማንም አዝዞት አያውቅም። ሱቁን ሐመድ ከአባቱ በወረሰበት ዓመት፣ አንድ ማለዳ፣ እግሩ በራሱ ፈቃድ እንደተነሣ ብቻ ያስታውሳል።

ወንድምአገኝ ወደዚህ አገር የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ከወሎ በተነሣው የሠፋሪዎች መኪና ላይ የሦስት ዓመት ወንድሙን ሙላውን በጉልበቱ ይዞ ሦስት ቀን ተጓዘ። በስም ሳይሆን በቁጥር በምትጠራ የሠፈራ አምባ አደገ፤ ቤቱም እስካሁን እዚያው ነው፤ ማረስ አልሆንልህ ሲለው ስፌት ተማረ። ሐመድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን ከገበያ ለቅሞ የተማረ፣ ሴቱንም በወንድ የሚጠራ፣ ዓረብኛን ከመድረሳና ከሱዳን ሬዲዮ ያገኘ። ወንድምአገኝን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ልብስ ሰፊ ለማለት «ያ ኸያጥ» ይለዋል። ጨርቅ የገዛ ሰው ከሱቁ ወጥቶ በረንዳው ላይ ያሰፋል፤ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ከበረንዳው ገብቶ ጨርቅ ይገዛል። በመካከላቸው የተጻፈ ውል አልነበረም።

ሙላው አድጎ ወደ ድባጤ ሄደና እዚያ እርሻ ያዘ። በ2013 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ግድያ በበረታ ጊዜ ከመንገድ ቀረ። ሞተ ተባለ፤ አስከሬኑን ያየ ግን አልተገኘም። ወሬው በተሰማ ዕለት ሐመድ ነጭ ጨርቅ በክንዱ ለካና ሰነጠቀ። «ሲመጣ ዝግጁ ይሆናል» አለ። ሙላው አልመጣም። የተቀደደው ጨርቅ ተመልሶ ከጣቃው ጋር አልተጠቀለለም፤ በፌስታል ታስሮ ከሱቁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ወንድምአገኝ ሱቁ ውስጥ በገባ ቁጥር ወደዚያ ላለማየት ይሞክራል፤ ሁልጊዜም ያያል።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ከእስራኤል በኩል የጦርነት ወሬ መጣ፤ ሐመድም ሱቁ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ መክፈት አመጣ። ዓረብኛውን እየሰማ ለበረንዳው ሰው በአማርኛ ይተረጉማል። መጀመሪያ የሰማውን ብቻ ነበር የሚናገረው፤ እያደር ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ተመልከት፣ ያ ኸያጥ» አለ አንድ ቀን። «ይሄ ሴትዮ ልጁን ይፈልጋል። ድንጋይ በእጁ ይቆፍራል። በእጁ!»

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አየ። ሴትየዋ ፍርስራሽ ላይ ተንበርክካ ነበር። አዘነላት፤ ነገር ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነበር። «ጀማሪውስ ማን ነው? ቤት ለቤት ገብተው ሰው አልጨረሱም? አሮጊት አላፈኑም?»

«ገደሉ። አፈኑ። እኔ ደግ አደረጉ አልኩህ?»

«አላልክም። ግን እስራኤል የእግዚአብሔር ሕዝብ ነው፤ መጽሐፉ ይላል።»

«መጽሐፍህ ሕፃን ላይ ቤት ጣል ይላል?»

«ያንተስ መጽሐፍ ሰው አፍነህ ዋሻ ውስጥ ክተት ይላል?»

ሁለቱም ደነገጡ። እንዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ከጎን ሻይ የምትሸጠው ነዕማ ብርጭቆ እያለቀለቀች ሳቀችባቸው።

«ማሻአላህ! ሁለት ሽማግሌ!» አለች፣ እንደ ሐመድ ባለ የገበያ አማርኛ። «አሁን ካርታ ባመጣ እናንተ አገሩን በጣት ታሳያላችሁ? አንዱ መጽሐፍ ውስጥ አየ፣ አንዱ ቴሌቪዥን ውስጥ አየ። የኔ እህት ከኩርሙክ ማዶ ጥይት አባረረው፣ ጾሬ የስደተኛ ካምፕ ተኝቷል። ለሱ ማን ተጣላ? ማን ቴሌቪዥን ከፈተ?»

ሐመድ ወደ ውስጥ ገብቶ ቴሌቪዥኗን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞራት፤ ወጥቶም «በዚህ በረንዳ ላይ ጦርነት የለም። ኸላስ፣ አለቀ» አለ። ወንድምአገኝ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐመድ ዜና ሲያምረው ድምፁን ቀንሶ ብቻውን ከመደርደሪያው ጀርባ ያያል፤ ወንድምአገኝም በሥራ ላይ ማንጎራጎር የለመደውን፣ ጽዮን የሚለው ስም ያለበትን መዝሙር ተወው። እርቁን ያጸናው ይህ ሁለት ዝምታ ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ፣ በአንድ ሰኞ ምሽት፣ የአምባዋ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ እዩኤል ወደ ወንድምአገኝ ቤት መጣ። በሚቀጥለው እሑድ ለእስራኤል ሰላም የሚጸለይበት ፕሮግራም ነበር፤ ወጣቶቹ የሚይዟቸው አርባ ትንንሽ ባንዲራዎች ያስፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ካልነካው አያምርም» አለ እዩኤል። «እየሩስም ፊት መሪ ናት።»

ወንድምአገኝ ልጁን እየሩስን አየ። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ ከአምባው ርቃ ሄዳ የማታውቅ ሴት ልጁን፣ ራሱም አይቷት በማያውቃት ከተማ ስም ጠራት። እንዴት እምቢ ይላል? ደግሞስ እምቢ ለማለት ልቡ ፈልጎ ነበር? ይህን ጥያቄ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር አልፈለገም ነበር። በዳዊት መዝሙር ያደገ ሰው ነው፤ የዚያ አገር ስም ሲጠራ ወሎ ላይ የተለያቸው እናቱ በጨለማ ሲጸልዩ ይሰሙታል። በጸሎት ቀን ባንዲራ መስፋት ኃጢአት መስሎ አልታየውም። የታየው የሐመድ ፊት ነበር።

ሰማያዊው ጨርቅ አላሳሰበውም፤ ከተማሪዎች ዩኒፎርም የተረፈ ቁርጥራጭ ነበረው። ነጩ ነው ጭንቁ። ከሌላ ሱቅ ልግዛ ቢል የጨርቅ ተራው ሰው ሁሉ ሐመድን «ከኸያጥህ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከሐመድ ልግዛ ቢል ለምን እንደሆነ መናገር ይኖርበታል፤ ጨርቅ ሸጦ ለምን እንደሆነ የማይጠይቅ ነጋዴ የለም። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ማክሰኞ ማለዳ ተራው ገና ሳይሞላ በሐመድ ሱቅ ደጃፍ ቆመ።

«ሐመድ» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ነጭ … አሥር ሜትር ያህል።»

ሐመድ ቀና ብሎ አየው። የቀላውን ዓይኑን አየ፤ የተንጠለጠሉ እጆቹን አየ። ወንድምአገኝ የሐመድ ፊት ሲለወጥ ተመለከተ፤ ለምን እንደተለወጠም በዚያችው ቅጽበት ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ «ነጭ» ብሏልና። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዘንተኞች እንዴት እንደሚመጡ አይቷል፤ እሱም ልክ እንደነሱ መጥቷል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሐመድ በቀስታ፣ ሞት ሲሰማ እንደሚባለው።

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። «ኧረ ማንም አልሞተም» ማለት ሦስት ቃል ነው። ወንድምአገኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቃል በኋላ የሚመጣውን «ታዲያ ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አሰበና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሐመድ ይህንንም ሐዘን አደረገለት።

«ማሌሽ፣ አይዞህ ወንድሜ። አትናገር» አለ እጁን አንሥቶ።

ሜትሩ ከግድግዳው አልወረደም። ጨርቁ በክንድ ተለካ፤ አንድ ክንድ ተጨመረ። ሐመድ ጫፉን በጥርሱ ነከሰ። ወንድምአገኝ ፔዳሉ አጠገብ አልነበረም፤ ግን አንድ እግሩ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ እንደነበር ጨርቁ ተቀድዶ ካለቀ በኋላ ነው ያስተዋለው። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሐመድ ያዘው።

«ዕብድ ነህ? ሂድ። ዛሬ ሥራ የለም። ሰው ይጠብቅሃል።»

ጨርቁን በብብቱ ይዞ ወደ አምባው ሄደ። በባጃጁ ውስጥ ሆኖ ራሱን በብዙ ቃል አጽናና፤ እኔ አልዋሸሁም፣ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም አለ። ቤቱ ደርሶ በእጅ የምትሽከረከረውን አሮጌ መኪና አወጣ። የተቀደደው ጠርዝ ክሩ ተበጥሶ ፀጉር አውጥቶ ነበር። ያንን ጠርዝ ሳይቀመቅሙ ባንዲራ አይወጣውም፤ ስለዚህ አጠፈውና መርፌውን አወረደበት። የመጀመሪያው ስፌት ሲያልፍ መዘውሩን አንድ ጊዜ አቆመ። እየሩስ «አባዬ፣ ክሩ ተበጠሰ?» ስትለው «አልተበጠሰም» ብሎ ቀጠለ። እስከ ምሽት አርባውን ጨረሰ። ኮከቦቹ ከተማሪ ሱሪ የተሠሩ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ለልክ በሳሙና ያሰመረው እንዲለቅ ባንዲራዎቹን አጥቦ በሁለቱ የማንጎ ዛፎች መካከል በወጠረው ገመድ ላይ ሰቀላቸው። ነፋስ ነበር። አርባውም ይውለበለቡ ነበር፤ ሐመድ በባጃጅ የመጣውም ያኔ ነው።

ብቻውን ነበር። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በአንድ እጁ ስኳርና ሻይ ቅጠል የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የገባው፤ ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው እንደዚያ ነውና። ግቢው መካከል ሲደርስ ነው ቀና ያለው።

«እየሩስ» አለ፣ በር ላይ የቆመችውን ልጅ አይቶ። «ድንኳን የት ነው? እናትህ ደህና ነው?»

«ደህና ናት፣ እርሻ ሄዳለች። የምን ድንኳን ጋሼ ሐመድ?» አለች እየሩስ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ሞተ? ኧረ ማንም አልሞተብንም!»

ወንድምአገኝ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ሐመድ ልጅቱን አየ፤ ገመዱን አየ። ወደ መጨረሻው ባንዲራ ተጠጋና ጠርዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። ወንድምአገኝ ቸኩሎ በደንብ ያላጠፈው ጠርዝ ነበር፤ የጥርስ ንክሻው ምልክት ሳይቀር በላዩ ላይ ነበር። ሐመድ የገዛ እጁን ሥራ አወቀው።

«ማንም አልሞተም?» አለ ደግሞ።

«አልሞተም» አለ ወንድምአገኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐመድ።

ወንድምአገኝ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ይህቺን ምስጋና ግን መሸከም አቃተው። ከልብ የወጣች ነበረች። ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ደስ ያለው እዚህ ቤት ሬሳ ባለመኖሩ ነበር።

«ሐመድ፣ ልነግርህ …»

«ባንዲራ ሥራ ነው። ሰው ያዝዛል፣ አንተ ትሰፋለህ። ብትነግረኝ እኔ እናደድ ነበር። ተናድጄ እሸጥልህ ነበር» አለ ሐመድ። ዓይኑን ከጨርቁ አላነሣም። «ይሄን ግን ለሟች ነው የቀደድኩት።»

ፌስታሉን ከዛፉ ሥር አስቀመጠ። ወንድምአገኝ «እባክህ ይዘኸው ሂድ» ቢለው «ለቅሶ ቤት ያመጣሁትን እንዴት እመልሳለሁ?» አለና ወጣ። ባጃጁ ዞሮ እስኪሄድ ድረስ ወንድምአገኝ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ሐሙስ ዕለት በረንዳው ላይ ሌላ ነገር ጠበቀው። የተራው ሰው ማክሰኞ ዕለት ከሐመድ አፍ መርዶውን ሰምቶ ነበር። ረቡዕ ማታ ደግሞ «እኛም ለቅሶ እንድረስ» ሲሉት «ቀብሩ ሩቅ ነው፣ አልቋል፣ አትድከሙ» ብሎ መልሷቸዋል። ገመናውን ሸፍኖለታል። እናም ወንድምአገኝ ገና መኪናውን ሳይገልጥ ቁልፍና ክር ነጋዴው ሌንጂሳ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ። ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው።»

«አሜን» አለ ወንድምአገኝ። ምላሱ እንደ ባዕድ ዕቃ ከበደው።

ነዕማ ሻይ አምጥታ አስቀመጠችና ሊከፍል ሲል እጁን መታችው። «የሐዘን ሻይ ይሸጣል? አላህ ይማረው። ጠጣ፣ ፊትህ እንደ ሞተ ሰው ሆኗል።» ዓርብም፣ ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረዋል፤ ደንበኛው ሱሪው ሳይደርስለት ቢመጣ አይቆጣም። ሐመድ ይህን ሁሉ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። «ያ ኸያጥ» ማለቱን ትቶ ነበር፤ ሥራ ሲኖር «ወንድምአገኝ፣ ይሄን ሰው ለካ» ይለዋል። ሙሉ ስሙ ከሐመድ አፍ ሲወጣ የሌላ ሰው ስም ይመስለው ነበር።

እሑድ ባንዲራዎቹ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ወንድምአገኝ ከኋላ ተቀምጦ እየሩስ ፊት ስትመራ አየ። ለእስራኤል ሰላም ተጸለየ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ከልቡ ጸለየ፣ ለታፈኑትም ለሞቱባቸውም። ወዲያው ደግሞ ድንጋይ በእጇ የምትቆፍረው ሴት መጣችበት፤ ለሷም ልጸልይ ቢል ስሟን አያውቀውም። ከባሕር ማዶ ላሉ፣ ዓይቷቸው ለማያውቃቸው ሰዎች ይህን ያህል ወገንተኛ ሆኖ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን ሰው እንዴት እንዳታለለው ሊገባው አልቻለም። ከአርባው ባንዲራ አንዱ ጠርዙ ተፈትቶ ክር ይጎትት ነበር። የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

ሰኞ ሻዩን ሊመልስ ሞከረ፤ ነዕማ ተቆጣች። ጠጣው።

ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ቀይ አቧራ የጠገበ ሰማያዊ የሱዳን ቶብ ተከናንባለች። አካሄዷን አይቶ ወንድምአገኝ እግሩን ከፔዳሉ አነሣ። ሴትየዋ ጣቃዎቹን አላየችም፤ ዋጋም አልጠየቀች። በዓረብኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «አብየድ» አለች፣ ነጭ።

ሐመድ ወዲያው አልተነሣም። ትክ ብሎ አያት። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቃት። ወንድምአገኝ ዓረብኛ አያውቅም፤ ሆኖም በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ጥቂት ቃላት ጆሮው ገብተዋል፤ ማን ማለትንና የት ማለትን ያውቃል። ሐመድ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ እየጠየቃት ነበር። ሴትየዋ ያልገባት መሰለች። ሐመድ ጥያቄውን ደገመው፤ እጁንም ወደ ግድግዳው ዘርግቶ ሜትሩን አወረደ። መቀሱን ከመሳቢያው አወጣ።

የብርጭቆ ድምፅ ቆመ። ነዕማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ሱቁ ደጃፍ መጣች።

«ሐመድ! ምን ነካህ?» አለች በአማርኛ፣ ሴትየዋ እንዳትሰማት ነው። «ለከፈን ሰው ይጠየቃል? አባትህ እንዲህ አደረገ? መቀስ ደግሞ!»

ሐመድ መቀሱን አልለቀቀም። ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ በራሱ ያፈረ ሰው ፊት ነበር። ሴትየዋ በቀስታ መናገር ጀመረች፤ ነዕማ ለበረንዳው ሰው በሹክሹክታ ተረጎመች። ስሟ ዋፋ ነው፤ ከጾሬ ካምፕ ባሏን አምጥታ ሆስፒታል አስተኝታው ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ዐረፈ። ስሙን ተናገረች፤ ሙርሳል። ዕድሜውን፣ በሽታውን ሁሉ አንድ በአንድ ትናገር ጀመር፤ ምስክር አቅርቢ እንደተባለ ሰው የሆስፒታሉን ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ ለሐመድ ዘረጋችለት።

ወረቀቱ በአየር ላይ ቀረ። ወንድምአገኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ነዕማ፣ እሱን አትቆጪው» አለ። ሌንጂሳም ከክር መደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ። «እንዲጠይቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ? አንተ ምን አደረግህ?»

«ባለፈው ሳምንት ማንም አልሞተብኝም። ነጭ ጨርቅ ፈልጌ ነበር፤ ለሟች መሰለውና ቀደደልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ባንዲራ ሰፋሁበት።»

«የምን ባንዲራ?» አለ ሌንጂሳ።

«የእስራኤል። ለቤተ ክርስቲያን ጸሎት።»

ነዕማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ እጇን አወረደችው።

«አምስት ቀን!» አለች። «አምስት ቀን የሐዘን ሻይ ጠጣህ! እኔ ‘አላህ ይማረው’ አልኩ፣ አንተ ‘አሜን’ አልክ። ማንን ነው አላህ የሚምረው? ባንዲራውን?»

ሌንጂሳ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፍሮ አቆመ። ወንድምአገኝ አንገቱን ደፋ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «እንዳልጣላው ፈርቼ።»

«እና አሁን ተፋቀራችሁ?» አለችው ነዕማ። ዋፋ ወረቀቷን እንደዘረጋች ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች።

ወንድምአገኝ ወደ ሱቁ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይሰርቅ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አየ።

«ሐመድ፣ የሙላውን አውርድላት» አለ።

ሐመድ የሰማውን ያላመነ መሰለ። «የሙላው?»

«የሙላውን። ለወንድ ነው የተለካው፤ ይበቃዋል። አንተም ሜትር አያስፈልግህም።»

«ሙላው ቢገኝስ?»

ወንድምአገኝ ይህን ጥያቄ ለሦስት ዓመት ከራሱ ደብቆ ኖሯል። ጨርቁ እዚያ ላይ እስካለ ድረስ ሙላው በመንገድ ላይ ያለ፣ አንድ ቀን የሚደርስ ሰው ነበር። አሁን ግን የሚሰጠው ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ለሟች የተቀደደ ጨርቅ ወስዶ የሰፋ ሰው ከራሱ ሟች ጨርቅ በቀር በምን ይመልሳል?

«ቢገኝ …» አለና ቆመ። «ቢገኝ ሌላ ትቀድድልኛለህ?»

ሐመድ መቀሱን ወደ መሳቢያው መለሰ። ሜትሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። በርጩማ ላይ ወጥቶ ፌስታሉን አወረደ፤ አቧራውን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። ከበርጩማው ሲወርድ ነው የመለሰለት።

«እቀድዳለሁ» አለ። «ግን እጠይቅሃለሁ።»

«ጠይቀኝ» አለ ወንድምአገኝ።

ሐመድ ወረቀቷን ሳያነብ አጥፎ ለዋፋ መለሰላት፤ ጨርቁን በሁለት እጁ ሰጣት። ስለ ጨርቁ የሆነ ነገር ነገራት፤ ከመካከሉ ወንድምአገኝ «ድባጤ» የሚለውን ቃል ለየ። ሴትየዋ ዞር ብላ ወንድምአገኝን አየችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጥቂት ቃላት ተናገረች።

«አላህ ወንድምህን ይማርልህ አለ» አለው ሐመድ።

ይህ ማጽናናት በዚያ ሳምንት ከሰማቸው ሁሉ በእውነት የሱ የሆነው የመጀመሪያው ነበር። «አሜን» ለማለት ፈለገ፤ ቃሉን ብዙ ጊዜ በሐሰት ስለተጠቀመበት ደፍሮ አላወጣውም፤ ራሱን ዝቅ አደረገላት።

ወደ መኪናው ተመልሶ ተቀመጠ። ነዕማ ብርጭቆዎቿን ማለቅለቅ ጀምራ ነበር፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቱ አንሥታ ደፋችው፤ ሌላ አላመጣችለትም። ዋፋ ጨርቁን ታቅፋ በጨርቅ ተራው መካከል ስትሄድ ያያታል። ያልተጨረሰ ሱሪ ከመርፌው ሥር ተወጥሮ ይጠብቀው ነበር። እሱ ግን እግሩን ከፔዳሉ ላይ አንሥቶ የመቀደዱን ድምፅ ይጠብቃል፤ ጨርቁ ከሦስት ዓመት በፊት ተቀድዶ ያለቀ መሆኑን እያወቀ።